194,313ን ከውስጥ መመርመር፦ የአንድ ትልቅ ቁጥር ባሕርያት በእርሳስና በወረቀት

በዚህ መመሪያ አንድ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ወስደን አካፋዮቹን፣ የአካፋዮቹን ድምር፣ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ያለውን ዝምድናና በአስርዮሽ ሲጻፍ የሚያሳየውን ድግግሞሽ አንድ በአንድ እናወጣለን። ቁጥሩ 194,313 ነው። የመረጥኩት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት በሚሰሉበት የዘመን ቀመር፣ ዓቢይ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዑደት በውስጡ የሚይዘው የዕለታት ብዛት ስለሆነ ነው፤ ወደ ፊት እንደምናየው ግን ከቀን መቁጠሪያው ውጭም ቢሆን ሊመረመር የሚገባው ቁጥር ነው።

መመሪያውን ያዘጋጀሁት ኮዬ ፈጬ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በብሎካችን ኮሙናል ተሰብስበው ለሚያጠኑ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ብዙዎቹ ትልቅ ቁጥር ሲያዩ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ካልኩሌተር ይከፍታሉ። ካልኩሌተር መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ለምን እንዲያ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ እንሠራለን፤ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ዕውቀት አይጠየቅም።

ቁጥሩን ማግኘትና መጻፍ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከአራት ተከታታይ ዓመታት አንዱ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ስለሚያደርግ አራቱ ዓመታት በአንድነት 1,461 ዕለታት አሏቸው። 532 ዓመት 133 ጊዜ አራት ዓመት ስለሆነ የምንፈልገው ብዜት 133 × 1,461 ነው። ይህን በተለመደው መንገድ ማባዛት ይቻላል፤ እኔ ግን በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ በሚጠቀሰው ዘዴ እንዲሠሩት እመክራለሁ። በግራ በኩል 133ን እያጋመሱ ይውረዱ፤ ግማሽ ሲተርፍ ይተዉት፦ 133፣ 66፣ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል 1,461ን እያጠፉ ይውረዱ፦ 1,461፣ 2,922፣ 5,844፣ 11,688፣ 23,376፣ 46,752፣ 93,504፣ 187,008። ከዚያ በግራው ዓምድ ኢተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ይምረጡ። እነዚህ 133፣ 33 እና 1 ናቸው፤ ከጎናቸው ያሉት 1,461 + 5,844 + 187,008 ሲደመሩ 194,313 ይሆናሉ። ዘዴው የሚሠራው 133 = 1 + 4 + 128 ስለሆነ ነው፤ የማባዣ ሠንጠረዥ ሳንጠቀም ቁጥሩን ወደ ሁለት ርቢዎች (1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ወደሚሄዱት) በትነነዋል ማለት ነው።

በግዕዝ አሃዝ ለመጻፍ ከቀኝ ጀምረው ሁለት ሁለት አሃዝ ይከፋፍሉት፦ 19፣ 43፣ 13። በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ፻፣ ከእነርሱ በፊት ባለው መካከል ፼ ይገባል፤ ስለዚህ ቁጥራችን ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል። አጻጻፉ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ቁጥሩ 19 ጊዜ እልፍ፣ 43 ጊዜ መቶ እና 13 ነው።

ቀላሎቹን ፈተናዎች አስቀድሞ መጨረስ

የመጨረሻው አሃዝ 3 ስለሆነ ቁጥሩ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 1 + 9 + 4 + 3 + 1 + 3 = 21 ነው። 21 ለ3 ይካፈላል፤ ለ9 አይካፈልም፤ ስለዚህ ቁጥራችንም እንዲሁ ነው። ምክንያቱን በቃል ከመያዝ ማየት ይሻላል፤ 10 ከ9 በአንድ፣ 100 ከ99 በአንድ፣ 1,000 ከ999 በአንድ ስለሚበልጡ ዘጠኞቹን ሁሉ አውጥተን ስንጥል የሚቀረን የአሃዞቹ ድምር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ፈተና አለ። 7 × 11 × 13 = 1,001 መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁጥሩን በሦስት በሦስት አሃዝ ከፍለን 194 እና 313 ካልነው፣ 194,313 = 194 × 1,001 + (313 − 194) ነው። በቅንፉ ውስጥ ያለው 119 ነው። 194 × 1,001 ለሦስቱም ስለሚካፈል ፍርዱ በ119 ላይ ይወድቃል፤ 119 ለ7 ይካፈላል፣ ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል፣ ለ13 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ 7 አካፋይ ነው፤ 11 እና 13 አይደሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ላይ 119 = 7 × 17 ብላ ከጻፈች በኋላ 17ንም ከአካፋዮቹ ጋር ደረደረችው። 17 ግን የ1,001 አካፋይ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ 119 የምናውቀው ስለ 194,313 ምንም አይነግረንም። በቀጥታ ሲካፈል 17 × 11,430 = 194,310 ሆኖ 3 ይተርፋል። አንድ ፈተና የተሠራበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው ከፈተናው ድንበር ውጭ ሲጠቀምበት አይታወቀውም፤ በእኔ አስተያየት የመካፈል ደንቦች ያለ ማስረጃ ሊሰጡ የማይገባቸው ለዚህ ነው።

ወደ ብቸኛ ቁጥሮች መበተን

አሁን እናካፍል። 194,313 ÷ 3 = 64,771፤ 64,771 ÷ 7 = 9,253። 9,253ን የሚያካፍል ቁጥር ስንፈልግ የት ድረስ እንሂድ? 96 × 96 = 9,216፣ 97 × 97 = 9,409 ስለሆነ ከ96 የማይበልጡትን ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን) መሞከር ይበቃል። 9,253 ከ96 የሚበልጡ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ሊሆን አይችልም። 2፣ 5፣ 11፣ 13 እና 17 ቀድመው ወድቀዋል፤ 3 ቁጥራችን ለ9 ስለማይካፈል ዳግም አይገባም፤ 7 ዳግም ሲሞከር 6 ይተርፋል። 19 ሲሞከር 19 × 487 = 9,253 በትክክል ይወጣል። የቀረው 487 ነው፤ 23 × 23 = 529 ስለሚበልጠው እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሞክሮ መጨረስ ይቻላል፤ አንዳቸውም አያካፍሉትም። ስለዚህ፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

ይህንኑ በሌላ አቅጣጫ ማግኘት ይቻላል፤ መንገዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ያሳየው ነው። ኢተጋማሽ የሆነ ቁጥርን እንደ ሁለት ስኩዌሮች ልዩነት መጻፍ ከቻልን ወዲያው ሁለት አካፋዮች እናገኛለን። ስኩዌሩ ከቁጥራችን በጥቂቱ ከሚበልጠው ይጀምሩ። 441 × 441 = 194,481 ነው፤ ከዚህ 194,313 ሲቀነስ 168 ይቀራል፤ 168 ስኩዌር አይደለም። 442 × 442 = 195,364፤ ልዩነቱ 1,051፤ ይህም አይደለም። 443 × 443 = 196,249፤ ልዩነቱ 1,936፤ እርሱም 44 × 44 ነው። ስለዚህ ቁጥራችን (443 − 44) × (443 + 44) = 399 × 487 ይሆናል። በሦስተኛው ሙከራ ትልቁ ብቸኛ አካፋይ ወጣ። ዘዴው እንዲህ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ብቻ ነው፤ ሲራራቁ ከተራ ማካፈል የባሰ አድካሚ ይሆናል።

ውጤቱን ሳያረጋግጡ አይለፉ። በዘጠኝ ማረጋገጥ፦ 399 ለ9 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ 487 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ 3 × 1 = 3፤ የ194,313ም ቀሪ 3 ነው። ነገር ግን ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ የዘጠኙ ማረጋገጫ አያስተውለውም፤ ስለዚህ የዐሥራ አንዱን ይጨምሩ። 399 ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ 487ም 3 ይተርፋል፤ 3 × 3 = 9፤ ቀደም ሲል ከ119 ያገኘነውም ቀሪ 9 ነበር።

አካፋዮቹን ሁሉ መዘርዘርና ማንበብ

አንድ አካፋይ የሚሠራው ከአራቱ ብቸኛ ቁጥሮች እያንዳንዱን በመውሰድ ወይም በመተው ነው። ስለዚህ 2 × 2 × 2 × 2 = 16 አካፋዮች አሉ፦ 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771፣ 194,313። ከሁለቱ ጫፎች ጀምረው ጥንድ ጥንድ ቢያባዟቸው ሁልጊዜ 194,313 ይመጣል፤ ካልመጣ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ጎድሏል።

ከእነዚህ መካከል ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የሚያውቃቸው አሉ። 7 ዐውደ ዕለት ነው። 1,461 የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ዕለታት ናቸው። 10,227 ዐውደ ፀሐይ የሚባለው የ28 ዓመት ዕለታት፣ 27,759 ደግሞ ዐውደ ማኅተም የሚባለው የ76 ዓመት ዕለታት ናቸው። 19 ራሱ ንዑስ ቀመር ነው፤ የ19 ዓመት ዕለታት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ 19 ዓመት 6,939 ዕለትና ሦስት ሩብ ስለሚሆን ሙሉ ቁጥር አይወጣውም። ሩቡ እንዲሞላ በአራት መባዛት አለበት፤ 76 የመጣው ከዚህ ነው። የሳምንቱም ቀን አብሮ እንዲመለስ ደግሞ በ7 መባዛት አለበት፤ 532 የመጣውም ከዚህ ነው። ቀመሩን የሠሩት ሊቃውንት ያደረጉት ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ነበር፤ ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ የጋራ ብዜት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ አይጠይቁኝም።

የ7ን አካፋይነት በተግባር ይፈትሹ። የመስከረም 1ን ዕለት ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይጨምሩ፤ የተገኘውን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ትተው ድርሻውን መልሰው ይደምሩበት፤ ድምሩን ለ7 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሰኞ ነው። ለ2018 ዓ.ም. 7,518 + 1,879 = 9,397፤ ቀሪው 3፤ ሐሙስ። ከ532 ዓመት በፊት ለነበረው 1486 ዓ.ም. 6,986 + 1,746 = 8,732፤ ቀሪው አሁንም 3፤ ሐሙስ። በመካከላቸው ያለፉት 194,313 ዕለታት 27,759 ሙሉ ሳምንታት ስለሆኑ ሌላ መልስ ሊመጣ አይችልም።

ለጨረቃም እንዲሁ ማስላት ይቻላል። በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ስለሚቆጠሩ በ532 ዓመት 6,580 ይሆናሉ፤ 194,313 ÷ 6,580 ወደ 29.53085 ይጠጋል። የጨረቃ ወር በዛሬው ልኬት በአማካይ 29.53059 ዕለት ነው። ልዩነቱ በአንድ ወር 23 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በዓቢይ ቀመሩ መጨረሻ ተጠራቅሞ ከአንድ ቀን ተኩል ይበልጣል።

የአካፋዮቹን ድምር ለማግኘት አንድ በአንድ መደመር አያስፈልግም፦ (1 + 3) × (1 + 7) × (1 + 19) × (1 + 487) = 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ቁጥሩን ራሱን ስናወጣ 118,007 ይቀራል፤ ይህ ከ194,313 ስለሚያንስ ቁጥራችን ፍጹም ቁጥር አይደለም። ፍጹም የሚባለው እንደ 28 ያለው ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28። የዐውደ ፀሐይ ቁጥር ፍጹም ሆኖ መገኘቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከእያንዳንዱ አካፋይ አንድ መቀነስ

የቁጥሩ ትልቁ ውበት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ክፍል ይቆዩ። ከ1 እስከ 194,313 ካሉት ቁጥሮች ከቁጥራችን ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ከሦስት ሁለቱ ለ3 አይካፈሉም፤ ከሰባት ስድስቱ ለ7 አይካፈሉም፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ዐሥራ ስምንቱ ለ19 አይካፈሉም፤ ከ487 ደግሞ 486ቱ ለ487 አይካፈሉም። ስለዚህ ብዛቱ 2 × 6 × 18 × 486 ነው። 2 × 6 × 18 = 216፤ 216 × 486 = 104,976። ይህን ብዛት በስፋት ያጠናው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሊዮናርድ ኦይለር ነው።

አሁን 104,976ን ራሱን ይበትኑት። 324 × 324 ነው፤ 324 ደግሞ 18 × 18 ነው። ማለትም መልሱ 18 × 18 × 18 × 18 ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አራቱን ማባዣዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ፦ 2፣ ከዚያ 6 = 2 × 3፣ ከዚያ 18 = 2 × 9፣ በመጨረሻም 486 = 2 × 243። ሁሉም የ2 እና የአንድ የሦስት ርቢ ብዜት ናቸው። ስለዚህ የቁጥራችን ብቸኛ አካፋዮች አራቱም ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፦ የሦስትን ርቢ በሁለት አባዝቶ አንድ መጨመር። ከመጀመሪያው ተነሥተው ይጻፉ፦ 3፣ 7፣ 19፣ 55፣ 163፣ 487። 55 ብቸኛ ስላልሆነ ይወድቃል፤ 163 ብቸኛ ቢሆንም በቁጥራችን ውስጥ የለም፤ የቀሩት አራቱ ሁሉም አሉ። 7 የመጣው ከሳምንት፣ 19 ከጨረቃ፣ 3 እና 487 ከ1,461 ነው። ማንም ሆን ብሎ አላገናኛቸውም፤ ሰማይን ለመቁጠር የተሠራው ቀመር ግን በአንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል።

ይህ ዝምድና በጂኦሜትሪም ይታያል። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 194,313 ጎን ምስል በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ 7 ብቻውን ይከለክለዋል። አንግልን ለሦስት እኩል የሚከፍል መሣሪያ ከተጨመረ ግን በመርህ ደረጃ ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ የሚፈለገው አንድ ሲቀነስላቸው ከ2 እና ከ3 ሌላ ብቸኛ አካፋይ የማይቀርባቸው፣ እርስ በርሳቸውም የማይደገሙ ብቸኛ ቁጥሮች እንዲሆኑ ነው። እነዚህ በአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ በጄምስ ፒየርፖንት ስም የፒየርፖንት ቁጥሮች ይባላሉ።

የአስርዮሹን ድግግሞሽ መለካት

1ን ለ7 ሲያካፍሉ 142857 ያለማቋረጥ ይደጋገማል። 1ን ለ19 ረጅሙን ማካፈል ይሥሩ፤ ዓይንዎን ከድርሻው ይልቅ በቀሪው ላይ ያድርጉ። ከዘጠነኛው አሃዝ በኋላ ቀሪው 18 ይሆናል፤ ያ ሲሆን ማካፈሉን ማቆም ይችላሉ። እስካሁን የተገኘው 052631578 ነው፤ የሚቀጥሉት ዘጠኝ አሃዞች እያንዳንዱን ከ9 በመቀነስ ይገኛሉ፦ 947368421። ከዚያ ሁሉም እንደ ገና ይጀምራል፤ የድግግሞሹ ርዝመት 18 ነው።

ለ3 ርዝመቱ 1፣ ለ7 6፣ ለ19 18፣ ለ487 486 ነው። የ194,313 ርዝመት የእነዚህ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፤ 1፣ 6 እና 18 ሁሉም የ486 አካፋዮች ስለሆኑ መልሱ 486 ነው። በሌላ አነጋገር 9ን 486 ጊዜ ተከታትሎ በመጻፍ የሚገኘው ቁጥር ለ194,313 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

487 እዚህ ላይ ሌላ ልዩ ነገር አለው። 1 ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ስኩዌር ተካፍሎ በአስርዮሽ ሲጻፍ ድግግሞሹ ብዙውን ጊዜ በራሱ በቁጥሩ ተባዝቶ ይረዝማል፤ ለምሳሌ ለ7 6 የነበረው ለ49 42 ይሆናል። 487 × 487 = 237,169 ግን ርዝመቱ እዚያው 486 ላይ ይቆያል። ከ487 በታች እንዲህ የሚሆነው 3 ብቻ ነው፤ 1/3ም 1/9ም አንድ አሃዝ ይደጋግማሉ። ከ487 ቀጥሎ የሚገኘው 56,598,313 ነው። ሁለቱ ትንንሾቹ በእኛ ቁጥር ውስጥ ተገናኝተዋል።

ስለ ስኩዌሮች

አራቱም ብቸኛ አካፋዮች ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋሉ፤ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ከገባ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን አይችልም። የሦስት ስኩዌሮች ድምር ግን ይሆናል፦ 436 × 436 + 64 × 64 + 11 × 11 = 190,096 + 4,096 + 121። የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ደግሞ በስምንት መንገድ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ የአካፋይ ጥንድ አንድ ማለት ነው፤ ከፌርማ ዘዴ ያገኘነው ከስምንቱ አንዱ ነው።

ለልምምድ

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 400 ዓመት 97 ባለ 366 ቀን ዓመታት ስላሉት 146,097 ዕለታት አሉት። ይህን ቁጥር ከላይ በሄድንበት ቅደም ተከተል ይመርምሩት። በ1,001 ፈተና ሲጀምሩ 146 − 97 = 49 ስለሚመጣ ለ7 መካፈሉ ወዲያው ይታያል፤ የአሃዞቹም ድምር 27 ነው። መጨረሻ ላይ 27 × 7 × 773 ሊያገኙ ይገባል፤ 773 ብቸኛ መሆኑን እስከ 23 ሞክረው ያረጋግጡ። የአካፋዮቹ ብዛት እዚህም 16 ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል፤ 3 ከዜሮ እስከ ሦስት ጊዜ ሊገባ ስለሚችል 4 × 2 × 2 ነው። የአካፋዮቹ ድምር ራሱን ጨምሮ 40 × 8 × 774 = 247,680 መምጣት አለበት፤ 24,768 ከመጣ 3ን አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥረዋል ማለት ነው።